ቁርጥማት ሁሉ አንድ አለመሆኑ

በአሶሳም ሆነ በገነተ ማርያም፥ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ አባት ወይም እናት ትከሻቸውንና ዳሌያቸውን ሲያማቸው፥ ቤተ ሰቡ «ብርድ ነው» ብሎ ቅቤ ይቀባቸዋል። መቀባቱን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ቁርጥማት የሚባለው ስም ብዙ ደዌ ይሸፍናል። ከነዚሁ አንዱን ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ብሩስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. ጽፎት ነበር፤ ፖሊማያልጂያ ሩማቲካ የሚለውን ስም ግን ባርበር የተባለ ሐኪም በ1957 ሰጠው።

በዚህ ደዌ ሁለቱም ትከሻዎች ባንድነት ይታመማሉ፤ ጧት ሲነሡ ሰውነት ከ45 ደቂቃ በላይ ተገትሮ ይቈያል፤ ነጠላ ለማጣፋት እንኳ ክንድ አይነሣም። ይህም ከሕመሙ የተነሣ ነው እንጂ ጡንቻው ደክሞ አይደለም። ጡንቻው ራሱ ቢደክም ወይም የጣቶች አንጓ ቢያብጥ፥ ሐኪሙ ሌላ በሽታ ይጠረጥራል። ትኩሳት ያለ እንደ ሆነም አስቀድሞ ወባንና ነቀርሳን ይመረምራል።

በደም ምርመራ የብግነት ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሆኖም በብዙ ሕመም ከፍ ስለሚል፥ እንደ አንድ ምስክር ቢቈጠር እንጂ ብቻውን አያስፈርድም። ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት በጥቂት መጠን ሲሰጥ ሕመምተኛው በጥቂት ቀን ይሻለዋል። ዳሩ ግን የተሰወረ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥን አጥብቀን እንቃወማለን።

ከዚህ ሁሉ ጋራ አዲስ የራስ ምታት በጆሮ ግንድ በኩል ቢነሣ፥ ሲያኝኩ መንጋጋ ቢያም ወይም ዓይን ቢፈዝ፥ በሽተኛው ሳያድር በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ የደም ሥሩ ሲያብጥ ዓይን ሊጠፋ ይችላልና።