ስለ ጨሞጋ ጨፌ ያለኝ አሳብ

ዘንድሮ በጥቅምት የክፍላችን ተማሪዎች ከሮብ ገበያ ተነሥተን የጨሞጋን ወንዝ ጨፌ ጎበኘን። አንዳንዶች «ሣርና ጭቃ ለማየት ቀን ማጥፋት ምን ይረባል?» ብለው ዘበቱብን። እኔ ግን የአገር ቅርስ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይመስለኝም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጮቄ የሚወርደውን የክረምት ውሃ ይዞ፥ በበጋ ጥቂት በጥቂት ለጨሞጋ፥ በጨሞጋም ለዓባይ የሚያቀብለው እንዲህ ያለው ረግረግ ነው። ከብቱ በበጋ የሚሰማራው፥ ካህናት በቀዳም ሥዑር የሚያድሉን ቄጤማም የሚበቅለው በዚሁ ዓይነት ስፍራ ነው።

አሁን ግን ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ይዞታል። የብዙዎቻችን የደብተርና የልብስ ዋጋ ከዚሁ ዛፍ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ይቆረጥ ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ውሃ መጣጭ ነውና፥ ወላጆቻችን ከዳገቱ ላይ ብቻ እንዲተክሉት እለምናለሁ። መምህሮቻችንም የሚመጣውን ዓመት ጉዞ በመጋቢት ያድርጉልን፤ የጨፌው ውለታ ደኅና አድርጎ የሚታየው ሜዳው ሁሉ ሲደርቅ ነው።