ጨው ማስላስ ብቻውን ወይፈን አያሳድግም

በአዲ አርቃይ ወረዳ በበጋ ወራት ወይፈኖችና ጊደሮች የሚበሉት በአብዛኛው የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ ነው። ከብቱ ሲከሳና አፈር ሲልስ የተመለከተ ገበሬ ጨው እንደ ጎደለው ተረድቶ አሞሌ ያስልሰዋል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢም ቦሌ የሚባለው አፈር ለዚሁ ተግባር ይውላል። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለከብቱ ዕድገት ይህ ብቻ ይበቃል የሚለውን ሐሳብ አንቀበለውም።

ጭድና አገዳ ሶዲየም ስለሚያንሳቸው ጨው የግድ ያስፈልጋል። አሞሌም ሆነ ቦሌ ይህን ጉድለት ይሸፍናል። ይሁንና 200 ኪሎ ለሚመዝን ወይፈን በቀን 10 ግራም ያህል ጨው ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ቢልስ ውሃ ይጠማዋል እንጂ ሥጋ አይጨምርም።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። ይኸው ወይፈን በቀን 5 ኪሎ ያህል ጭድ ይበላል። ጭዱ ከመቶ 4 እጅ ፕሮቲን ቢኖረው ከብቱ የሚያገኘው 200 ግራም ብቻ ነው። በጨጓራው ውስጥ ጭዱን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በሚገባ እንዲሠሩ ግን መኖው ከመቶ 7 እጅ ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። አጥንት የሚገነባው ፎስፈረስም በጭድ ውስጥ እጅግ አነስተኛ ነው። አሞሌ ከሁለቱ አንዱንም አይሰጥም፤ ቦሌም ፕሮቲን የለውም፣ ፎስፈረሱም ጥቂት ነው።

ከየሜዳው የሚቆፈር ሸክላ አፈር ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። ብረትና አልሙኒየም የበዛበት አፈር በመኖው ውስጥ ያለውን ጥቂት ፎስፈረስ ስለሚይዘው ከብቱ አይጠቀምበትም። ቤንቶናይት የተባለው ሸክላ በመኖ ፋብሪካዎች የሚጨመረው ተመርምሮና ተመጥኖ ነው፤ ይኸውም መኖውን ለማያያዝና አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ለማሰር ነው። ሥራው ከብት ማወፈር አይደለም።

ስለዚህ የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን፦

ሀ) በቅድሚያ ፕሮቲን። ግማሽ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ 150 ግራም ያህል ፕሮቲን ይጨምራል፤ ፎስፈረስም አለው። የሻገተ ፋጉሎ ግን አይሰጥ።

ለ) ፋጉሎ ለማይገኝለት የጥራጥሬ ገለባ፣ እንዲሁም በክረምት ከማሽላ ጋር ተዘርቶ የደረቀ ላብላብ።

ሐ) በመጨረሻ ጨው፣ በልክ።

ፋጉሎ ውድ ነው ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው፦ ለከብቱ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ይሰጥ አላልንም። ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ጭድ በሚያጥርበት ወቅት፣ በማደግ ላይ ላሉት ብቻ ይሰጥ። በዚህ ወቅት የቀጨጨ ወይፈን ለቀንበር የሚደርሰው፣ የቀጨጨች ጊደርም የምትወልደው ዘግይተው ነው። ያ ሁሉ ጊዜ የገበሬው ኪሳራ ነው። የልማት ሠራተኞችም ስለ ማዕድን ከማስተማራቸው በፊት በግርግሙ ውስጥ ያለውን መኖ እንዲመለከቱ አደራ እንላለን።