“ዛሬን ብቻ ያዢልኝ!”

ባለፉት ሳምንታት ስለ ፍቅርና ስለ ኩርፊያ፣ ስለ ቀለበትና ስለ ሽማግሌ ብዙ ተባብለናል። ዛሬ ደግሞ እስቲ ከዚያ ሁሉ በኋላ ስለሚመጣው እናውራ። ስለ ልጅ! መውለዱስ ተወለደ፤ የወለዱትን ለማን ሰጥቶ ሥራ ይኬዳል?

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። አንዲት ወጣት እናት የጻፈችልኝ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ከተቀመጠ ሰንብቷል። የምትሠራው በግል ድርጅት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወለደች በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን እያለቀባት ነው። እናቷ ያሉት ክፍለ ሀገር ነው። ሞግዚት ለመቅጠር ደሞዟ አይፈቅድም። “እኛ ሰፈር የሰው ልጆች ሰብስበው የሚጠብቁ አንዲት ሴትዮ አሉ፤ ደግ ናቸው ይባላል። ግን ደግነታቸውን ብቻ አምኜ ልጄን ልስጥ? ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ብጠይቃቸውስ አይቀየሙኝም?” ትላለች።

እህቴ፣ መልሱን ከመስጠቴ በፊት በዓይኔ ያየሁትን ላጫውትሽ። እናንተም አድምጡ።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ነው። ከዋሽንግተን የሚለያት አንድ ወንዝ ብቻ ነው። እንጀራዋ ልጅ መጠበቅ ነው። ሳሎኗን ለልጆች አመቻችታ፣ እናቶቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ የሰው ልጆች ትይዛለች። እዚያ አካባቢ በዚሁ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ያገራችን ሴቶች ጥቂት አይደሉም። እኔ ደግሞ አምና ልጠይቃት ሄጄ ስድስት ሳምንት ያህል ከእሷ ጋር ከርሜ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ገና 12 ሰዓት ተኩል ሳይሆን በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው የእህቴ የልብ ጓደኛ ናት። የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች የ7 ወር ልጇን ታቅፋለች። ዓይኗ ቀልቷል። ልጇን የምትጠብቅላት ሴት በሌሊት ደውላ “አሞኛል፣ ዛሬ አልችልም” ብላታለች። እሷ ደግሞ ሥራ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ መቅረት የለም።

“እህቴ፣ የኔ እናት፣ ዛሬን ብቻ ያዢልኝ!” አለች ገና ሳትቀመጥ።

እህቴ ልጁን ተቀብላ ሳመችው። ከዚያ መልሳ ሰጠቻት። “አልችልም። ሞልቶብኛል” አለች።

“ምኑ ነው የሞላብሽ? ሳሎንሽ እኮ እንደ ሜዳ ሰፊ ነው!”

“ሳሎኑ አይደለም የሞላው፤ ነጥቡ ነው።”

እኔ ነጥብ ስትል የእግር ኳስ ወሬ መሰለኝ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በቨርጂኒያ ደንብ በቤቷ ልጅ የምትጠብቅ ሴት ልጆቹን የምትቆጥረው በራስ ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ጭምር ነው። ከተወለደ እስከ 15 ወር ያለ ሕፃን 4 ነጥብ ነው። ከ16 እስከ 23 ወር 3 ነጥብ። ከ2 እስከ 4 ዓመት 2 ነጥብ። ከ5 እስከ 9 ዓመት 1 ነጥብ። 10 ዓመት የሞላው አይቆጠርም። አንዲት ጠባቂ ያለ ረዳት መያዝ የምትችለው ቢበዛ 16 ነጥብ ነው። ከ8 ዓመት በታች የሆነ የራሷ ልጅ እንኳ ይቆጠርባታል!

እስቲ አብረን እንደምር። እህቴ ዘንድ ሁለት ጨቅላዎች አሉ፤ 8። አንድ የ18 ወር ልጅ፤ 11። አንዲት የ3 ዓመት ልጅ፤ 13። የራሷ የ4 ዓመት ልጅ፤ 15። ከትምህርት በፊትና በኋላ የሚመጣ የ6 ዓመት ልጅ፤ ድፍን 16! የጓደኛዋ ልጅ ሲጨመር 20 ሊሆን ነው።

“ታዲያ እኔ አለሁ አይደል?” አልኩ ጣልቃ ገብቼ። “እኔ እይዘዋለሁ። ልጅ አሳድጌ የለ!”

“አንቺ አሻራ ሰጥተሻል?” አለችኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። የገዛ እህቴ! ግን እውነቷን ነበር። እዚያ ረዳት ሆኖ ልጅ ለመያዝ እህት መሆን አይበቃም። አሻራ ተሰጥቶ የወንጀል ታሪክ ይጣራል፤ በልጅ ላይ በደል ፈጽመዋል ተብለው ከተመዘገቡት መካከል ስም መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ የቲቢ ምርመራ ወረቀት ይቀርባል። ያ ሁሉ ሳይሆን ብቻዬን ከሰው ልጆች ጋር ትታኝ ወደ ጓዳ እንኳ አትገባም ነበር። ለካስ ከመጣሁ ጀምሮ ይህን ታደርግ የነበረው ሆን ብላ ነው፤ እኔ አላስተዋልኩም።

ጓደኛዋ ልጇን አስተካክላ አቀፈች። “አንቺ ወረቀት አምላኪ ሆነሻል። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ እየተሻማ ይይዝልኝ ነበር!” ብላ በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ኋላ እንደሰማነው የዚያን ቀን ሥራ ቀረች፤ የቀኑም ደሞዝ ተቆረጠባት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የፈረድኩት ለጓደኛዋ ነው። ቀኑን ሙሉ እህቴን አኮረፍኳት። ማታ ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ቡና አፍልታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

“ክፉ መሰልኩሽ አይደል?” አለችኝ። “ሁለት እጅ ነው ያለኝ። እሳት ቢነሣ ሦስተኛውን ጨቅላ በምን ይዤው ልወጣ ነው?”

እሷ ይህን ስትል ዝም ብላ ክፉ እያሰበች አልነበረም። በፈረንጆቹ 2014 እዚያው ቨርጂኒያ፣ ቼስተርፊልድ በሚባል አውራጃ፣ ያለ ፈቃድ ልጆች ይጠበቁበት በነበረ ቤት እሳት ተነሥቶ አንድ ሕፃን ሞቷል። በዚያን ጊዜ ሕጉ ፈቃድ የሚጠይቀው 6 እና ከዚያ በላይ የሰው ልጆች የሚይዝን ሰው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕጉን አጠበቀው፤ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ቁጥሩ ወደ 5 ወረደ። አሁን በቤቱ ከ5 እስከ 12 የሰው ልጆች የሚጠብቅ ሁሉ የግዛቲቱን ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው። ከ5 በታች ለሚይዙት ደግሞ እንደ ፌርፋክስ ያሉ አንዳንድ አካባቢዎች የራሳቸው ፈቃድ አላቸው።

ፈቃድ ሰጪውስ ማነው? በአሜሪካ ይህ ሥራ የየግዛቱ ነው። በቨርጂኒያ ቀድሞ የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ይሠራው ነበር፤ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ወደ ትምህርት መሥሪያ ቤቱ ተዛውሯል። ዋሽንግተን ያለው የፌዴራል መንግሥት ድርሻ ገንዘቡ ላይ ነው። በ2014 በወጣው ሕግ መሠረት ለሕፃናት እንክብካቤ ድጎማ የሚቀበል ግዛት ፈቃድ ያላቸውን ቤቶች በዓመት ቢያንስ አንዴ ሳያስታውቅ ሄዶ ማየት አለበት። የጠባቂዎቹን ታሪክ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ማጣራት አለበት። ያገኘውንም ጉድለት ወላጅ እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ ማውጣት አለበት። ቨርጂኒያ ከዚህም አልፋ በዓመት ሁለት ጊዜ ታያለች፤ ቢያንስ አንዱ በድንገት ነው።

ያን “በድንገት” የሚባለውን እኔም በዓይኔ አየሁት። ከኩርፊያው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። መታወቂያዋን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አንዲት ፈረንጅ ቆማለች። የእህቴ ፊት ተለዋወጠ።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችምም። መጀመሪያ ልጆቹን ቆጠረች። ከዚያ የዕለቱን መዝገብ አምጪ አለቻት፤ የቆጠረችው ከተጻፈው ጋር ገጠመ። ጨቅላዎቹ ወደተኙበት ክፍል ገባች። በጀርባቸው መተኛታቸውን፣ አልጋቸው ላይ ትራስም ሆነ ለስላሳ አሻንጉሊት አለመኖሩን አየች። ለካስ ሕፃን ልጅን ትንፋሽ ከሚያሳጡት ነገሮች አንዱ እኛ በፍቅር የምንደራርብለት ነው! ከዚያ ወደ ጓዳ አለፈች። በረኪናውና መድኃኒቱ ተቆልፎበታል ወይ? ጭስ ሲሸተው የሚጮኸው መሣሪያ ይሠራል? የእሳት ማጥፊያው አለ? ከዚያ ወደ ወረቀቱ ዞረች። የየልጁ ክትባት፣ ወላጅ ባይገኝ የሚደወልለት ሰው ስልክ፣ የእህቴ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ማስረጃ። ሁሉም አለ።

“የዚህ ወር የእሳት ልምምድስ?” አለች።

በየወሩ ልጆቹን ይዞ ከቤት የመውጣት ልምምድ ይደረጋል፤ የተደረገበትም ቀን ይመዘገባል። እህቴ ልምምዱን አድርጋለች። ስታደርግ አይቻታለሁ። መመዝገቡን ግን ረስታለች! ብትምል ብትገዘት ምን ዋጋ አለው? ሴትዮዋ “ጉድለት” ብላ ጻፈች። እህቴም እንዴት እንደምታርመው ከሥሩ ጽፋ ፈረመች። ይኸው ጽሑፍ ወላጆችም ጎረቤቶችም በሚያዩት በመንግሥቱ ገጽ ላይ ሊወጣ ነው።

ሴትዮዋ ስትወጣ እህቴ አለቀሰች። “የስንት ዓመት ስሜ በአንድ መስመር!” አለች። እኔም ተናደድኩ። ወረቀት ነው እንጂ ልጅ አልተጎዳ!

በማግሥቱ ግን ልምምዱን እንደገና አደረገችው። ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዷል። ደወሉን ደወለች። ሁለቱን ጨቅላዎች ከአልጋ አንሥታ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አቀፈች። የራሷ ልጅ የ18 ወሩን በእጁ ያዘው፤ የ3 ዓመቷ የእህቴን ቀሚስ ጨበጠች። እየተንገዳገዱ ወጥተው ከቤቱ ራቅ ብሎ ያለ ዛፍ ሥር ቆሙ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ አየኋት። ሁለቱም እጆቿ ሞልተዋል። ያ የጓደኛዋ ልጅ፣ ያ “ዛሬን ብቻ” የተባለው፣ የሚቀመጥበት ክንድ ፈለግሁ። የለም! ቤት ውስጥ አልጋው ላይ ነበር የሚቀረው።

ውድ አንባብያን፣ ያን ቀን ነው ነጥቡ የገባኝ።

የጓደኛዋስ ነገር? እህቴ እንቢ ብላ ዝም አላለችም። በዚያው ሰሞን ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጣ ፈቃድ ያላቸውን ቤቶች ዝርዝር ስታገላብጥ፣ ጉድለታቸውን ስታነብ፣ ስትደውል ከርማ፣ ቦታ ያላት አንዲት ሴት አገኘችላት። ልጁ አሁን እዚያ ነው የሚውለው። ጓደኛዋ አንድ እሑድ ዳቦ ይዛ መጣች። ቡና ተጠጣ፣ ተሳቀም። ግን እንደ ድሮው ናቸው ብዬ አልዋሻችሁም። ያ ጠዋት በመካከላቸው አለ። እህቴ “ልጁ ይደግልኝ እንጂ እሷ ብትቀየመኝ እችለዋለሁ” ትላለች።

እንግዲህ ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ፣ እህቴ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤትሽ የሕፃናት ማቆያ እንዳለው ጠይቂ። ከሌለው ወደ ሴትዮዋ ሂጂ፤ ከመሄድሽ በፊት ግን ወረዳችሁን ስለ ፈቃዳቸው ጠይቂ። ቤታቸው ስትደርሺ ደግሞ እንዲህ አድርጊ።

አንደኛ፣ ቁጠሪ። ስንት ልጅ አለ? ከነዚህ ውስጥ መራመድ የማይችሉት ስንት ናቸው? የያዡስ ክንድ ስንት ነው? ለዚህ ሂሳብ የመንግሥት ኢንስፔክተር መሆን አያስፈልግሽም።

ሁለተኛ፣ በቤቱ ማን ማን ይኖራል? ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል? ልጁን የምትሰጪው ለሴትዮዋ ብቻ ሳይሆን በዚያ ጣሪያ ሥር ላለው ሰው ሁሉ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጅሽ የሚተኛበትን እይ። ከሰሉ፣ ምድጃው፣ የፈላው ውኃ፣ በረኪናው የት እንደሚቀመጥ እይ። “ልጅ ቢያንቀው ምን ያደርጋሉ?” ብለሽ ጠይቂ።

አራተኛ፣ ሳትናገሪ ሂጂ። በቨርጂኒያ ወላጅ ልጁ እዚያ ባለበት ሰዓት ሁሉ ገብቶ የማየት መብት በሕግ አለው። አንቺም ገና ከመጀመሪያው “አንዳንዴ ድንገት ብቅ እላለሁ” በያቸው። ኢንስፔክተር በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፤ እናት ግን በቀን ሁለት ጊዜ በዚያ በር ላይ ትቆማለች። ካንቺ የተሻለ ኢንስፔክተር የለም።

“አይቀየሙኝም ወይ?” ላልሽው፣ በአክብሮት “እማማ፣ የመጀመሪያ ልጄ ስለሆነ እፈራለሁ” ብለሽ ጀምሪ። ልጅ አሳድገው የሚያውቁ ከሆነ ይገባቸዋል። በዚህ የሚቀየሙ ከሆነ ግን ገና በጠዋቱ ማወቅሽ ጥሩ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሴትዮዋ ልጆቻቸውን ቆጥረው “ልጄ፣ አሁን ሞልቶብኛል፣ አልችልም” ካሉሽ አታኩርፊያቸው። ስልካቸውን ተቀበይና ቦታ ሲለቀቅ ተመልሰሽ ሂጂ። “አልችልም” ማለት የሚያውቅ ሰው ነው ልጅ የሚሰጠው።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!