የግቢውን ሣር ለማን ሰጡት?

የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አባል ከሆኑ፣ ወይም ለትምህርት ቤት፣ ለሆቴል፣ ለመሥሪያ ቤት ግቢ አትክልተኛ የሚቀጥሩ ከሆነ ነገሬ በቀጥታ ከእርስዎ ጋር ነው። «እኔ የለሁበትም» ብለው ገጹን ሊገልጡ ከሆነም ትንሽ ይታገሡኝ፤ የወር መዋጮው የሚወጣው ከእርስዎም ኪስ ነው።

ቤትዎ መብራት ሲበላሽ የሚነካካውን ሰው ሙያ ያጣራሉ፤ የት እንደሠራ፣ ማን እንደሚያውቀው ይጠይቃሉ። የግቢውን ሥራ ሲሰጡ ግን ጥያቄዎ አንድ ነው፦ «በስንት?» አይቀየሙኝ፤ እኛም ሰፈር እንዲሁ ነው።

«ለሣር ማጨድ ደግሞ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል? የገበሬ ልጆች አይደለንም እንዴ?» ሳይሉኝ አይቀሩም። የገበሬን እውቀት ማን ይክዳል! ግን ገበሬው እህሉን የሚያሳድገው አጭዶ ሊወቃው ነው፤ የግቢው ዛፍ ደግሞ ተቆርጦም እንዲኖር ነው የሚፈለገው። እስቲ የጃካራንዳ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ቆመው ይመልከቱ። ያልሠለጠነው ሰው ከላይ መገዝገዝ ይጀምራል፤ ግማሽ ሲደርስ ቅርንጫፉ በራሱ ክብደት ይሰበርና የግንዱን ልጥ ገሽልጦ ይወርዳል። የሠለጠነው ከግንዱ ራቅ ብሎ መጀመሪያ ከሥር በኩል ጥቂት ይገዘግዛል፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ አለፍ ብሎ ከላይ ይቆርጠዋል። ክብደቱ ከወረደ በኋላ የቀረውን ጉቶ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚነሣበትን ያበጠ አንገት ሳይነካ ያነሣዋል። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በዚያ አንገት ነው። አንዳንዱ አንገቱንም ጨምሮ ከግንዱ እኩል ይቆርጥና ቀለም ይቀባዋል። ለዓይን ያምራል። አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ግን ብዙ ግንድ በመጋዝ ሰንጥቆ ካየ በኋላ ቀለሙ መበስበስን እንደማይከለክል አሳይቷል።

«እሺ ዛፉ ይቅር፤ የእኛ ማኅበር የሚሠራው ሣርና አረም ብቻ ነው» ካሉኝ፣ የሚያስፈራኝ ቦታ ላይ ደረስን። ሰውዬው የሚረጨውን ነገር በምን ይዞት እንደሚመጣ አይተዋል? ብዙ ጊዜ በሃይላንድ ነው፤ ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። መጠኑ፣ ጓንቱ፣ ከተረጨ በኋላ ልጆች ወደ ሣሩ የሚመለሱበት ጊዜ፣ ይሄ ሁሉ የተጻፈው ሱቅ በቀረው ዕቃ ላይ ነው። ራውንድአፕ የተባለው መድኃኒት አረሙንም ሣሩንም ያደርቃል፤ ቱ ፎር ዲ ግን ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ገድሎ ሣሩን ይተወዋል። ሁለቱን ያልለየ ሰው የአንድ ጠዋት ሥራ ሠርቶ ሰርዶዎን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢጫ ያደርግልዎታል። በዚያው መርጫ፣ ሳያጥበው፣ የጽጌረዳ ተባይ ልግደል ካለ ደግሞ ጽጌረዳዋም አብራ ትሄዳለች። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ በር ድረስ ግን በእግሩ አይመጣም፣ ጠያቂ ይፈልጋል።

«የእኛ ሰውዬ እኮ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሥራ የኖረ ነው!» እንግሊዞችም እንዲህ ብለው ነበር። ከ1964 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በፊት የተወለደ ሰው በራሱ ወይም በአሠሪው መሬት ላይ ያለ ምስክር ወረቀት ፀረ ተባይ እንዲረጭ ይፈቅዱ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን ያን መብት አነሡትና ሽማግሌውም ለፈተና ተሰለፈ። በኮንትራት የሰው መሬት ላይ ለሚረጭማ ቀድሞም ቢሆን አልተፈቀደለትም።

«ወረቀትማ በየትም ይገኛል» ሲሉኝ ደግሞ አልከራከርዎትም። ስለዚህ ወረቀቱን ካዩ በኋላ አንድ ቅርንጫፍ ያስቆርጡት፤ የሚረጨውን ዕቃ ጽሑፍ ያስነብቡት። ክረምት ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ በሚመጣበት ቀን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚረጭ ይጠይቁት። የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከፋም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ «የድሃ እንጀራ ልታዘጋ ነው?» የሚለው ነው። እንዲያባርሩት አልመክርዎትም። ለሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ለመቅረብ የግድ ክፍል ገብቶ መማር አያስፈልግም፤ ሙያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰውም በእውቀትና በተግባር ይመዘናል። ውሉ ላይ የጊዜ ገደብ ያስቀምጡለት፤ ለምዘና የሄደበትን ቀንም እንደ ሥራ ቀን ይቁጠሩለት።

«ዋጋ ይጨምራላ!» አዎ፣ ይጨምራል። ለጥበቃ ሲጨመር ከፍለናል፣ ለጽዳት ሲጨመርም ከፍለናል።

እንግዲህ አንድ ውለታ ልጠይቅዎ። በሚቀጥለው ስብሰባ እጅዎን ያውጡና፣ ግቢያችን ውስጥ የሚረጨው ምንድን ነው፣ የሚረጨው ሰውስ የት ተመዝኗል ብለው ይጠይቁልኝ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ልጆቹን ከሣሩ ላይ ያርቋቸው።