የወፍጮ ቺንጋ ሲበጠስ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ካኩማ፣ እህል በተቀበልን ማግስት፣ የሰፈራችን የናፍጣ ወፍጮ ቺንጋው ተበጠሰና ቀጥ አለ። እናቶች ማሽላቸውን እንደተሸከሙ ተመለሱ፤ ገሚሶቹ በዚያ ፀሐይ እስከ ሌላው ወፍጮ ድረስ ተጓዙ። እኛም "ይሄን ነገር ለምን አንጽፈውም?" ተባባልን።

ከሁሉ በፊት ስለ ቁጥሩ። ቺንጋው ጀርባ ላይ እንደ "ቢ 68" ያለ ጽሑፍ አለ። ፊደሉ የላይኛውን ወርድ ይናገራል፤ ኤ 13 ሚሊ ሜትር፣ ቢ 17፣ ሲ 22 ነው። ቁጥሩ ደግሞ ርዝመቱ ነው፣ በኢንች። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ነገር ግን የኛ ሰው ያለ መውጫ ወረቀት ሎድዋር ወርዶ ዕቃ መቀየር አይችልም። በሹፌር አስልከን ያመጣነው አልገባም ካለ ገንዘቡም ጊዜውም ጠፋ ማለት ነው። የደረሰብንም ይኸው ነው። የአሮጌው ጽሑፍ ተፋፍቆ ስለነበር በግምት አዘዝን፣ የመጣው አጠረ፣ ወፍጮውም ሌላ ስድስት ቀን ቆመ። ስለዚህ ቺንጋው አዲስ ሳለ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በቀለም ጻፉት። ጽሑፉ ከጠፋም አሮጌውን ራሱን ላኩት እንጂ "ትልቁን አምጣልኝ" ብላችሁ ሰው አትላኩ።

ሲቀየር ሞተሩን አጥፉ፣ ናፍጣውንም ዝጉ፣ ሁሉም ነገር እስኪቆም ጠብቁ። የሞተሩን እግር የያዙትን ብሎኖች አላልታችሁ ሞተሩን ወደ ወፍጮው ገፋ አድርጉት፤ ቺንጋው በእጅ ይገባል። በካቻቢቴ እየፈለቀቁ ማስገባት የለመደ ብዙ ነው፤ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሶ ዕድሜው ያጥራል። ሁለት ወይም ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን የሚሠራ ከሆነ ሁሉንም አንድ ላይ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ሸክሙ አዲሱ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ ሲባጎ በሁለቱ ፑሊዎች ፊት ላይ ወጥሩ፤ ሁለቱንም እኩል ካልነካ ሞተሩ ተጣሟል። ሞተሩን መልሳችሁ ስቡና ቺንጋውን መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ተጫኑት። በፑሊዎቹ መካከል አንድ ሜትር ካለ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይርገብ። ከመጠን በላይ የተወጠረ ኩሽኔታ ይበላል፣ የላላ ደግሞ ይንሸራተትና ጎማው ይሸታል። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ እንደገና ወጥሩት።

ሲጮህ ዘይት የሚያፈሱበትንስ ምን እንበላቸው? ቺንጋ የሚይዘው በጎኑ ነው፤ ዘይት ያንሸራትተዋል፣ ጎማውንም ያበላሸዋል። የፑሊው ቦይ ወለሉ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይ ቺንጋው ወይ ፑሊው አልቋል።

ሽፋኑን ሳትመልሱ ሞተር አታስነሡ። ሽፋን ለሚቆጣጠር ሰው ማሳያ ብቻ የሚመስላቸው ባለወፍጮዎች አሉ። የነጠላ ጫፍ ወይም የሻሽ ክር ከገባበት ግን ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። እኛ ሰፈር አሁን ከወፍጮው ሁለት ሜትር ርቆ ገመድ ተወጥሯል። ሕፃን ያዘለች እናት ከዚያ አታልፍም፤ ዱቄቷን ባለወፍጮው ራሱ ያወጣላታል።

በሚቀጥለው እትም ስለ ወንፊቱ እናወራለን። ቸር ይግጠመን።