«ከባንክ ነው የምንደውለው»

«እማማ፣ ከንግድ ባንክ ነው የምንደውለው። ሂሳብዎ ከፋይዳ ጋር ስላልተያያዘ ዛሬ ሊዘጋ ነው። አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

ትሕትና የተላበሰ ድምፅ፣ አጣዳፊ ጉዳይ። ማታለያው ጆሮ የሚያገኘው እውነት ስለተቀላቀለበት ነው፤ ባንኮች ፋይዳ መታወቂያ መጠየቃቸው ሐሰት አይደለም። ሐሰቱ ያለው ቁጥሩን «ያንብቡልኝ» ማለቱ ላይ ነው። ያ ቁጥር የሂሳቡ ቁልፍ ስለሆነ እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ አይጠይቅም።

የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ መርካቶ የሚነግድ የጉራጌ ልጅ ለመስቀል የሚልከው ብር ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ለመድረስ ሰው አይጠብቅም። የሌባው እጅ ግን አላጠረም። «ከኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል» የሚለው አለ። «በስህተት ገንዘብ ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» ባዩም አለ፤ የገንዘብ መግቢያ መልእክት አስመስሎ ከግል ስልኩ ይልካል። አንድ የበርበሬ ነጋዴ በገበያ ግርግር መሐል ቀሪ ሂሳቡን ሳያይ ቢመልስ፣ የሚወጣው የራሱ ገንዘብ ነው።

እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ስልኩን ዘግቶ ራስ መደወል ይሻላል፦ ለንግድ ባንክ 951፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994። ገንዘቡ ከወጣም ሳይውል ሳያድር ለባንኩና ለፖሊስ ማመልከት ነው፤ በኮምፒውተር አማካይነት ማጭበርበር በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።

ተቋማቱም ማስጠንቀቂያቸውን በአጭር መልእክት ብቻ መላክ አይበቃቸውም። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በጉራጊኛ፣ በድምፅ፣ በገበያ ቀን ይነገር።