ቶምን ተዉት፤ ሴትዮዋን እዩ

ባለፈው እሑድ አክስቴ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለው ቶምና ጄሪን ያያሉ። ቶም በመጥበሻ ይመታል፣ ፊቱ የመጥበሻ ቅርጽ ይይዛል፣ እነሱ በሳቅ ይፈርሳሉ። አክስቴ ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ «አጥፉልኝ ይኼን! ድብድብ ነው የሚያስተምራችሁ!» አለች። ቴሌቪዥኑ ጠፋ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልጆቹ በሪሞቱ ይደባደቡ ጀመር። ያለ ቶም፣ ያለ ጄሪ!

አክስቴ ብቻዋን አይደለችም። በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ አገር አንድ ተመልካች «ካርቱኑ ውስጥ ሲጋራ ይጨሳል» ብሎ አቤት በማለቱ፣ የጣቢያው ባለቤቶች ማጨስን የሚያሳምሩ ትዕይንቶችን ለመቁረጥ ተስማሙ። በ2016 ደግሞ የግብፅ መንግሥት የመረጃ አገልግሎት ኃላፊ ለመካከለኛው ምሥራቅ ዓመፅ ከሚጠቀሱ ምክንያቶች አንዱ ቶምና ጄሪ ነው ብለው አረፉት። ጉድ በሉ! ያን ሁሉ ጦርነት ያመጣው ድመት ነው ማለት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የአራት ዓመት ልጅ እንኳ የተዳጠው ድመት ወዲያው ተነስቶ እንደሚሮጥ ያውቃል። ጨዋታ መሆኑ ገብቶታል። የሚያሳስበኝ ያልገባው ነገር ነው። ለእኛ ለትልልቆቹም ያልገባን ነገር።

እስቲ ወደ መጀመሪያው እንመለስ። ዊልያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ ለኤም.ጂ.ኤም. የሠሩት የመጀመሪያው አጭር ካርቱን «ፑስ ጌትስ ዘ ቡት» የወጣው በየካቲት 1940 ነው። ድመቱ ያኔ ቶም አይባልም፣ ጃስፐር ነው። አይጡን ሲያሳድድ የአበባ ማስቀመጫ ይሰብራል። የቤቱ ሴትዮ መጥታ «አንድ ነገር ብትሰብር ከዚህ ቤት ትወጣለህ» ትለዋለች። አይጡ ሰማ። ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ተሸክሞ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ድመቱ ሲጠጋው «እለቀዋለሁ» ይለዋል። አንበሳ ሲያክል የነበረው ድመት ሽባ ሆነ። በመጨረሻ አይጡ ሳህኑን ሰበረ፣ የተባረረው ድመቱ። እዚህም ዳዋው ተመታ!

ታዲያ ያቺን «ትወጣለህ» ያለችውን ሴት አያችኋት? አላያችኋትም። እግሯን ነው ያያችሁት። ሽርጧን፣ ነጠላ ጫማዋን፣ መጥረጊያዋን። ጥቁር ናት፣ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት፣ ፊት ግን የላትም። ከ1940 እስከ 1952 ድረስ በበርካታ ክፍሎች ገብታ ወጥታለች። ድምፅ የሰጠቻት ሊሊያን ራንዶልፍ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ተዋናይት ናት። የሷም ስም ካርቱኖቹ ላይ አልተጻፈም።

«ካሜራው በድመቱ ቁመት ስለሆነ ነው እኮ» የሚሉ አሉ። ጥሩ። እንግዲያው የ1956ቱን «ቢዚ በዲስ» ክፈቱና እዩ። ድመቱ ያው፣ ቁመቱም ያው ነው። ልጅ ጠብቂ ተብላ ስልክ ላይ ተጥዳ የምትውለው ነጭ ሞግዚት ግን ፊቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቁመት ነው አትበሉኝ።

ዘመኑንም አስታውሱ። ካርቱኑ በወጣበት በዚያው ወር ሐቲ ማክዳንኤል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ «ማሚ» የተባለችውን የጥቁር ሞግዚት ሆና በመጫወቷ ኦስካር አሸነፈች። የመጀመሪያዋ ጥቁር ተሸላሚ ናት። የተቀመጠችው ግን ከባልደረቦቿ ተለይታ፣ ግድግዳ ጥግ ባለ ትንሽ ጠረጴዛ ነው። የካርቱኗንም ሴትዮ «ማሚ» አሏት። ስሙ ራሱ የሥራ ድርሻ ነው።

ከዚያ ምን ተደረገ? በ1960ዎቹ ለቴሌቪዥን «እናርመው» ተባለና በአንዳንዶቹ ክፍሎች ሴትዮዋ ተፍቃ በቦታዋ ነጭ ሴት ተሣለች። በሌሎቹ ድምፅዋ ተቀየረ። ይኼ እርማት አይደለም፣ ስንብት ነው! ፊት የነሷትን ሰው ጭራሽ ከቤት አስወጧት። የተሻለውን ያደረጉት በኋላ ዲቪዲውን ያሳተሙት ናቸው። ካርቱኑን እንዳለ ትተው «ይህ የዘመኑ ጭፍን ጥላቻ ነው፣ ያኔም ስሕተት ነበር፣ ዛሬም ስሕተት ነው፤ መደበቅ ግን እንዳልነበረ መቁጠር ነው» የሚል መልእክት ጻፉበት። በ2005ቱ እትም ዉፒ ጎልድበርግ ራሷ ቀርባ ይህንኑ አስረድታለች።

«የአሜሪካ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ትሉኝ ይሆናል። የዘሩ ጣጣ የነሱ ነው፣ እስማማለሁ። ፊት የሌላት ሴት ግን እኛም ቤት ነበረች። ልጅ ሆኜ እኔና ወንድሞቼ ሶፋ ላይ ተዘርግተን ቶምና ጄሪን ስናይ፣ ሠራተኛችን ጓዳው በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ትስቃለች። ከእኛ በላይ ትስቃለች። ማንም «ነይ ተቀመጪ» አላላትም። እኔም አላልኩም። እናቴ ስትጠራት ሳቋን አቋርጣ ትሮጣለች። አራት ዓመት አብራን ኖራለች። ስሟን አውቀዋለሁ፤ የአባቷን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። የነጠላ ጫማዋን ቀለም ግን ብትጠይቁኝ ወዲያው እነግራችኋለሁ።

ልጅ ከካርቱን በመጥበሻ መማታትን አይማርም። ማን ፊት እንዳለው፣ ማን እግርና መጥረጊያ ብቻ እንደሆነ ግን ይማራል። ከካርቱኑ ባይማር ከቤቱ ይማራል። ቴሌቪዥን ማጥፋት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ቶምን ተዉት፣ ይሩጥበት። ይልቅ ልጆቹ አጠገብ ቁጭ በሉና «የዚች ሴትዮ ፊት የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን አብራችሁ ፈልጉ። ሶፋው ላይ ቦታ ካለ ደግሞ ጓዳ በር ላይ የቆመችውን ጥሯት።

ይህን ለአክስቴም ነግሬያታለሁ። የሚቀጥለው እሑድ ምሳ ላይ ባልጠራ እንግዲህ ምክንያቱን ታውቃላችሁ።